የልጅ ስም፦ ስለሚመረጡትና ስለሚሸሹት ስሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የልደት መመዝገቢያ ቅጹን የሚሞላው ግን መልአኩ አይደለም፤ ሦስት ሌሊት ያልተኙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እነዚያ ሁለት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ቆንጆ ቆንጆ ስሞች የተደረደሩበት ዝርዝር እዚህ አታገኙም፤ እሱ በየቦታው ሞልቷል። እዚህ ያለው የተገላቢጦሹ ነው፦ የትኛው ስም ለምን እንደሚተው፣ የትኛው ስጋትስ ከንቱ እንደሆነ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየት እንጀምር?

ከማትፈልጉት። ብዙ ባልና ሚስት የሚወዷቸውን ስሞች ዘርዝረው ይቀመጡና አንዱ የሌላውን ምርጫ ሲያጣጥል ይኮራረፋሉ። ይልቅ ሁለታችሁም ለየብቻችሁ "ይሄስ በፍጹም" የምትሉትን ጻፉና ተለዋወጡ። ምክንያት አትጠያየቁ። የተሰረዘው ተሰረዘ፤ ክርክር የለውም። ሰው የሚወደውን ስም በየሳምንቱ ይቀያይራል፤ የሚጠላውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

የተረፉትን ደግሞ ወረቀት ላይ እያያችሁ አትመዝኑ፤ ጥሯቸው። በር ላይ ቆማችሁ ሜዳ ላይ ጨዋታ የያዘውን ልጅ እንደምትጣሩ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ተቆጥታችሁ ጥሩት፤ በሹክሹክታም ጥሩት። ከዚያ ከአባት ወይም ከቤተሰብ ስም ጋር አያይዛችሁ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ መምህር አንብቡት። ለየብቻ ያማሩ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ያልታሰበ ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል። በአማርኛ ይህ አደጋ ቅርብ ነው፤ ብዙዎቹ ስሞቻችን ግሥ ናቸውና። ደስታ ያማረ ስም ነው፤ ይበቃልም ያማረ ስም ነው። "ደስታ ይበቃል" ሲባል ግን የሠርግ ቤት መብራት ያጠፉ ይመስላል።

ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሹት ምን ዓይነት ስም ነው?

አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ የሚሸሽ ስም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚሸሸው ባለቤት ያለውን ስም ነው። ትምህርት ቤት ያስለቅሰን የነበረው ልጅ፣ ተጣልተን የተለየናት ፍቅረኛ፣ ሰኞ ጠዋት የሚያመናጭቀን አለቃ፣ ሁሉም ስማቸውን ይዘው ጭንቅላታችን ውስጥ ቤት ሠርተዋል። አስተማሪዎችን ጠይቁ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ለልጁ ስም ሲፈልግ ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ አንድ ተማሪ ብቅ ይልበታል፤ ብቅ የሚለውም ጎበዙ አይደለም።

ከግል ትዝታ አልፎ የዓለም ትዝታ የሚያበላሸው ስምም አለ። አዶልፍ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ለዘመናት የኖረ ተራ ስም ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሚያወጣው ጠፋ። በ2005 ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀው አውሎ ነፋስ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ካትሪና የሚባሉ ሕፃናት ቁጥር ወረደ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሳይቀር ስሙን ከአውሎ ነፋሶች መጠሪያ ዝርዝር አወጣው። ለነፋስ እንኳ አይሆንም የተባለ ስም ማለት ነው።

የአሌክሳ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይገርመኛል። አማዞን በ2014 መጨረሻ በድምፅ የሚታዘዝ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ መጠሪያውን አሌክሳ አለው። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከ6,000 በላይ ሴት ሕፃናት አሌክሳ ተባሉ፤ በ2020 ቁጥሩ 1,300 ገደማ ደረሰ። እዚህ ማንም ሰው አልገደለም፤ ጎርፍም የለም። ስሙ የታዛዥ ስም ሆነ፣ አለቀ። ወላጅ ልጁን የክፍል ጓደኞቿ "አሌክሳ፣ መብራት አጥፊ" እያሉ ሲቀልዱባት ታየው። ከዚያ በፊት ስሙን ያወጡት ወላጆች ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ምንም። መጠንቀቅ የሚቻለው ዛሬ ከሚታወቀው ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጭንቀት እንቅልፍ ከማሳጣት በቀር አይረባም፤ እንቅልፉ ደግሞ ቀድሞም የለም።

ሌላው የሚሸሸው ለፌዝ የሚመች ስም ነው። እዚህ ላይ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለአንድ አፍታ የስምንት ዓመት ልጅ ሁኑ። ስሙን ቁረጡት፣ አንድ ፊደል ቀይሩበት፣ ቤት ይመታ እንደሆነ ሞክሩት። ልጆች ከማንኛውም ስም ፌዝ ያወጣሉ፤ ከፌዝ የሚያመልጥ ስም የለም። ጥያቄው ፌዙን ለማግኘት ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል ወይስ ሁለት ሰከንድ ነው። ሁለት ሰከንድ ከሆነ ተዉት።

ባለቤቴ የወደደው ስም እኔን ሌላ ሰው ያስታውሰኛል። ይህ በቂ ምክንያት ነው?

እንደ ሰውዬው ነው። ብዙም የማታውቁት፣ አልፎ አልፎ ያናደዳችሁ ሰው ከሆነ፣ ልጁ ሲወለድ ስሙን ይነጥቀዋል። በቀን መቶ ጊዜ የምትጠሩት ስም በጥቂት ወራት ውስጥ የልጃችሁ ብቻ ይሆናል፤ ያኛው ሰው ሞክሼ ሆኖ ይቀራል። ስሙን ስትሰሙ ሆዳችሁን ቁርጥ የሚያደርጋችሁ ሰው ከሆነ ግን ጊዜ ይሽረዋል ብላችሁ አትቆምሩ። ይህን ለባለቤታችሁ ዘርዝሮ የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም፤ "ይህን ስም አልችለውም" ማለት ሙሉ መልስ ነው።

የቀድሞ ፍቅረኛ ስም ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ሳትናገሩ ማሳለፍን አልመክርም። ከአምስት ዓመት በኋላ በሦስተኛ ሰው አፍ ሲሰማ የሚፈጥረው ጠብ ከስሙ ይበልጣል።

ሕግ የሚከለክለው ስም አለ?

አለ፤ ከአገር አገር ይለያያል። ልዩነቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው።

አሜሪካ አንድ ወጥ የስም ሕግ የላትም፤ እንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ ከፊደል ይመጣል። ካሊፎርኒያ ለረጅም ጊዜ ከ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ውጪ አትቀበልም ነበር። ኢሎን መስክ በ2020 ለተወለደው ልጁ ቁጥር ያለበት ስም ማውጣቱ ሲሰማ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር፤ ቁጥሩ በኋላ በሮማውያን አኃዝ ተተክቷል።

አይስላንድ ሌላው ጫፍ ላይ ናት። ከ1991 ጀምሮ የስም ኮሚቴ አላት፤ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ስም የፈለገ ወላጅ ለኮሚቴው ያመለክታል። ኮሚቴው በዋናነት የሚያየው ሰዋስውን ነው። ስሙ በአይስላንድኛ ፊደል ይጻፋል ወይ? ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ እንደ አገሩ ቃል መጨረሻውን ይለዋውጣል ወይ? ስሟ "ለስላሳ ነፋስ" የሚል ትርጉም ያለው አንዲት ልጅ፣ ቃሉ በሰዋስው የወንድ ነው ስለተባለባት፣ 15 ዓመት ሙሉ በመንግሥት ሰነዶች ላይ "ልጅት" ተብላ ብቻ ኖራለች። ስሟን በፍርድ ቤት ያገኘችው በ2013 ነው። ስሞችን የወንድና የሴት ብሎ የሚከፍለው ደንብ በ2019 በወጣ ሕግ ቀርቷል።

ፈረንሳይ ውስጥ ከ1803 ጀምሮ በነበረው ሕግ መሠረት ወላጅ የሚመርጠው ከቅዱሳን የቀን መቁጠሪያና ከጥንት ታሪክ ሰዎች ስም ነበር። በ1993 ነፃ ተለቀቀ። ዛሬ መዝጋቢው ስሙን አይከለክልም፤ ልጁን ይጎዳል ብሎ ካመነ ግን ለዐቃቤ ሕግ ያሳውቃል። በቫለንሲየን ከተማ ወላጆች ልጃቸውን ዳቦ ላይ በሚቀባው ቸኮሌት በኑቴላ ስም ሲሰይሟት ጉዳዩ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ፍርድ ቤቱም በ2014 ስሙ ለፌዝ ያጋልጣታል ብሎ አሳጠረው።

ኒው ዚላንድ የምትከለክለው ሦስት ዓይነቱን ነው፦ ሰው የሚያስከፋውን፣ ያለ ልክ የረዘመውንና ማዕረግ የሚመስለውን። ለዚህ ነው ንጉሥ፣ ልዑል፣ ልዕልት የሚል ትርጉም ያላቸው የእንግሊዝኛ ስሞች እዚያ ደጋግመው ውድቅ የሚደረጉት። ከማዕረጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በ2008 አንድ ዳኛ ፊት የቀረበው ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ስሟ እንደ ማስታወቂያ የተጻፈ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዳይሳቅባት ፈርታ ለጓደኞቿ ስሟን አልነገረችም፤ በአንድ ፊደል ብቻ እንዲጠሯት አድርጋለች። ስሟ እስኪቀየር ድረስ ፍርድ ቤቱ አሳዳጊነቱን ራሱ ወሰደ። በዘጠኝ ዓመቷ ስሟን ደብቃ የምትኖር ልጅ! ወላጆቿ ግን ያን ስም ያወጡ ቀን ሳይስቁ አይቀሩም።

ጃፓን ለስም የሚፈቀዱ፣ ካንጂ የሚባሉ ከቻይና የመጡ ፊደላት ዝርዝር አላት። በ1993 አንድ አባት ልጁን አኩማ፣ ማለትም ሰይጣን፣ ሊለው ፈለገ፤ ፊደላቱ ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ስለነበሩ በደንቡ ቀዳዳ ያለፈ መስሎት ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ግን አልተቀበሉትም። በዚያ ቋንቋ አንድ ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚነበብ፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ የስሙ አነባበብም በቤተሰብ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ ከፊደሉ ጋር የማይገናኝ አነባበብ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

የሜክሲኮዋ ሶኖራ ግዛት በ2014 የከለከለቻቸው ስሞች 61 ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ፌስቡክ፣ ሮቦኮፕና ሂትለር ይገኙበታል። ዝርዝሩ የተዘጋጀው በግምት እንዳይመስላችሁ፤ በግዛቷ መዝገብ ላይ ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ የተገኙ ስሞች ናቸው። የስዊድኖቹ ደግሞ ለየት ይላል። የስም ሕጉን የተቃወሙ ወላጆች ልጃቸው አምስት ዓመት እስኪሆነው ስም ሳያስመዘግቡ ቆዩና 5,000 ክሮነር ተቀጡ። በ1996 ለብስጭታቸው 43 ፊደልና ቁጥር ያለበት፣ "አልቢን" ተብሎ ይነበባል ያሉትን ስም አቀረቡ። ውድቅ ሲሆን አንድ ፊደል ብቻ ያለውን አመጡ፤ እሱም ውድቅ ሆነ።

ከአሜሪካ በቀር፣ እሷ አላጸደቀችውምና፣ የአገሮች ሁሉ የጋራ መሠረት በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ መመዝገብና ስም ማግኘት መብቱ ነው ይላል። መብቱ የሕፃኑ መሆኑን ልብ በሉ። ከወላጅ ፈጠራ ይልቅ የልጁ ጥቅም የሚያመዝነው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ማንም የሌለው ስም ይሻላል ወይስ የተለመደ?

የተለመደ ስም ችግሩ ሞክሼ መብዛቱ ነው። ጄኒፈር ከ1970 እስከ 1984 በተከታታይ አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ስም አንደኛ ነበር፤ የዚያ ዘመን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት እየሆኑ በአባታቸው ስም ይለዩ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ከእነዚያ ወላጆች ብዙዎቹ ለየት ያለ ስም ያወጡ መስሏቸው ነበር። ፋሽን እንዲህ ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ብቻውን ያሰበው ይመስለዋል።

በጭራሽ ያልተሰማ ስም ደግሞ ልጁን ዕድሜ ልኩን ፊደል አስቆጣሪ ያደርገዋል። በየቢሮው፣ በየስልኩ፣ "ማን አልከኝ?" የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህን የሚወድ ልጅ አለ፤ የሚያፍርበትም አለ፤ የናንተው የትኛው እንደሚሆን ገና አታውቁም። እኔን ብትጠይቁኝ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ግን ጥቂት ሰው የያዘው ስም እመርጣለሁ። እንዲህ ያለውን የምታገኙት ከሁለት ትውልድ በፊት በነበሩ ስሞች ውስጥ ነው። የወላጆቻችሁ ትውልድ ስም ያረጀ ይመስላል፤ የአያቶቻችሁ ግን ተመልሶ ያምራል።

የተለመደ ስም ይዞ አጻጻፉን ማጣመም ሁለቱንም ጉዳት ያመጣል። ሲጠራ እንደ ሁሉም ነው፤ ሲጻፍ ግን ሁሌ ይሳሳታል።

ትርጉሙ ምን ያህል ያስጨንቀን?

በአንዳንድ ቋንቋ ስም ድምፅ ነው፤ ትርጉሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት ይገለጣል። በአማርኛ ግን ስም ቃል ነው፤ የሰማው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ትርጉሙን አስቡበት፤ በተለይ ስሙ መልእክት የያዘ ከሆነ። ሁለት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ መልእክቱ ለማን ነው? ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው መልእክቱ ገና ትርጉም ይኖረዋል? ለጎረቤት ወይም ለተጣላ ዘመድ የተላከ ሽሙጥ በልጅ ስም ሲገባ፣ ጠቡ ከበረደም በኋላ ልጁ ደብዳቤውን ይዞ ይዞራል። አድራሻው ከጠፋ በኋላም ጭምር።

ታላቅ ተስፋ የተጫነበት ስምም እንዲሁ ይከብዳል። ጀግና ተብሎ ጨለማ የሚፈራ ልጅ መሆን ቀላል አይደለም። ይህ ማለት ግን መልካም ምኞት አይሁን ማለት አይደለም፤ ምኞትና ትእዛዝ ግን ይለያያሉ።

በሞተ ሰው ስም መሰየም ጥሩ ነው?

ረጅም ዕድሜ ኖሮ ባለፈ አያት ስም ከሆነ ብዙ ቤተሰብ ይጽናናበታል። ሕዝቦች በዚህ አይስማሙም፤ ለምሳሌ አሽከናዚ የሚባሉት የመካከለኛና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሕይወት ባለ ዘመድ ስም ልጅ አይሰይሙም፣ ሴፋርዲ የሚባሉት መነሻቸው ስፔንና ፖርቱጋል የሆነው ደግሞ አያት እያሉ በስማቸው ይሰይማሉ። ሁለቱም አክብሮት ነው የሚሉት።

ቀድሞ በሞተ ልጅ ስም መሰየም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎኽ የተወለደው ማርች 30 ቀን 1853 ነው። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ቀን፣ ማርች 30 ቀን 1852፣ ሞቶ የተወለደ ወንድም ነበረው፤ ስሙም ቪንሰንት ነበር። ሳልቫዶር ዳሊም በ1904 ሲወለድ ሳልቫዶር የሚባል ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ ዳሊ የዚያ ወንድሙን ጥላ ዕድሜ ልኩን ሲያነሣው ኖሯል። ምትክ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚሉትን ቃላት እኛም እናውቃቸዋለን። ያወጣቸው ሐዘን ነው፤ በሐዘን የሚፈረድ የለም። ቢሆንም አዲሱ ልጅ የመጣው የራሱን ሕይወት ሊኖር ነው። የሞተውን ልጅ ማስታወስ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ስም አድርጉት፣ ወይም ታሪኩን ለልጁ ሲያድግ ንገሩት፤ የመጀመሪያ መጠሪያውን ግን ለራሱ ስጡት።

በመሪ ወይም በታዋቂ ሰው ስምስ?

የሞተ ታዋቂ ከሕያው ይሻላል፤ ሕያው ሰው ገና ብዙ ያሳፍራል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ብዙ ወላጆች አብዮቱን በልጆቻቸው ስም ላይ ጽፈው ነበር። ቭላድለን ከቭላድሚር ሌኒን የተቀጠለ ነው፤ ኒኔል ደግሞ ሌኒን ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። ሜልስ የማርክስ፣ የኤንግልስ፣ የሌኒንና የስታሊን የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ሥርዓቱ አለፈ፤ ሐውልቶቹም ወረዱ፤ እነዚያ ሰዎች ግን ስማቸውን ይዘው አረጁ። (ኒኔል መቼም ታሪኩን ላላወቀ ሰው ቆንጆ ስም ነው።)

ገና ባላለቀ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ ስም ልጅ አትሰይሙ። ደራሲዎቹ መጨረሻዋን ገና አልነገሯችሁም።

ስሙ በሌላ ቋንቋ መጥፎ ትርጉም ቢኖረውስ?

ዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች አሉ፤ በሁሉም የሚያምር ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ልጁ ሊኖርበት፣ ሊማርበት ወይም ዘመድ ሊያፈራበት በሚችለው ቋንቋ ብቻ አጣሩ። ጊፍት በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው፤ በጀርመንኛ መርዝ ነው። አንድሬያ በጣሊያን የወንድ ስም ነው፤ በጀርመንና በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሴት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕድል ይቀናል፦ ሐና በዕብራይስጥ ጸጋ፣ በጃፓንኛ አበባ፣ በኮሪያኛ አንድ ማለት ነው።

መዝገበ ቃላት ብቻ አትመኑ፤ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ጠይቁ። የስድብ ቃላት መዝገበ ቃላት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገቡም።

አጻጻፉ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ይህ ሰው የሚንቀው፣ በኋላ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስለቅሰው ጉዳይ ነው። በፊደላችን ሞክሼዎች አሉ። ሰላም ወይስ ሠላም? ዓለም ወይስ አለም? ጸጋ ወይስ ፀጋ? ጆሮ አይለያቸውም፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። አንዱን ምረጡና ከመጀመሪያው የክትባት ካርድ ጀምሮ እሱኑ ጻፉ፤ ጸሐፊው በልማድ ሲቀይረው አይታችሁ አትለፉ።

ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ደግሞ ነገሩ ይባስ ይላል። ጸ በቲ-ኤስ፣ በኤስ ብቻ፣ በቲ-ዜድም ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ቀ በኬ ነው ወይስ በኪው? አባት በአንድ ዓይነት፣ ልጅ በሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም ይዘው ድንበር ላይ ዝምድናቸውን ለማስረዳት ሲለፉ ማየት ያሳዝናል። ልጁ ሲወለድ በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ አብራችሁ ወስኑና የሆነ ቦታ ጻፉት፤ የአባት ስምም በአባትየው ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይሁን።

ርዝመትም አለ። በፓስፖርት የመረጃ ገጽ ግርጌ በማሽን የሚነበቡት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው፤ ለሙሉ ስም የተተወው 39 ብቻ ነው፤ ክፍተቱም ይቆጠራል። ከዚያ የረዘመ ይቆረጣል። ኮምፒውተር በሌላም መንገድ ይበድላል፦ ነል የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች፣ ቃሉ በፕሮግራም ቋንቋ "ባዶ" ማለት ስለሆነ፣ ስማቸውን በሞሉ ቁጥር "እባክዎ ስምዎን ያስገቡ" እየተባሉ ይኖራሉ።

ስም በሥራ ዕድል ላይ ተጽዕኖ አለው?

አለው፤ ግን ጥፋቱ የስሙ አይደለም። በ2004 በታተመ ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት ተመራማሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎችን በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ ማስታወቂያዎች ላኩ። የትምህርትና የልምድ ደረጃው ተመሳሳይ ሆኖ፣ ነጭ የሚመስል ስም ያላቸው አመልካቾች ጥቁር የሚመስል ስም ካላቸው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። ከዚህ ተነሥተው "እንግዲያው የማንነታችንን ስም እንተው" የሚሉ ወላጆች አሉ። ውሳኔው የራሳቸው ነው፤ እኔ ግን ለአድሏዊ ቀጣሪ ብዬ የልጄን ስም አልመርጥም። የመካከለኛ መንገድ የሚፈልግ ለሌላው አፍ የማይከብድ የራሱን ስም ይፈልግ፤ ሞልቷል።

ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ችግር አለው?

የለውም። አንዳንድ አገሮች ይከለክሉ ነበር፤ በጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2008 ስም ጾታን አይለይም በሚል ብቻ ሊከለከል እንደማይችል ወስኗል። በተግባር የሚያጋጥመው ነገር "አቶ" ወይስ "ወይዘሮ" የሚል ስህተት ያለበት ደብዳቤ መቀበል ነው።

ለመንትዮች ምን ይሻላል?

ቤት የሚመታ ስም አታውጡ። ለፎቶ ያምራል፤ ማታ አንዱን ስትጠሩ ግን ሁለቱም ይነሣሉ። ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ፣ የልደት ቀናቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች የሕክምና ካርዳቸው መቀያየሩ አይቀርም።

ከመወለዱ በፊት ለዘመድ እንንገር?

ካልወሰናችሁ አትናገሩ። ያልተወለደ ልጅ ስም ላይ ሁሉም አስተያየት አለው፤ የተወለደ ልጅ ፊት ግን "ይሄ ስም አይወደድልኝም" የሚል ደፋር የለም። አያቶች የራሳቸውን ምርጫ ይዘው ከመጡ የቤት ስም አድርጉላቸው። በቁልምጫ የሚጠሩበት የራሳቸው ስም ያላቸው አያቶች ስለ መዝገቡ ብዙም አይከራከሩም።

ካወጣን በኋላ ቅር ቢለንስ?

መጀመሪያ ጊዜ ስጡት። በአራስነት ጊዜ ማንኛውም ስም ለዚያች ትንሽ ፊት ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ብዙው ቅሬታ ድካም ነው። ከሁለት ወር በኋላም ስሙን ላለመጥራት "ልጁ"፣ "ሕፃኑ" እያላችሁ ከሆነ ግን እውነተኛ ነው።

ለመቀየር ከቆረጣችሁ አታዘግዩ። በ1995 የታተመ ጥናት ሕፃናት በአራት ወር ተኩል ገደማ የራሳቸውን ስም ድምፅ ከሌላ ስም ለይተው እንደሚያዳምጡ አሳይቷል። የሕጉን ቀነ ገደብም እዩ፤ በፈረንሳይ ልደት የሚመዘገበው በ5 ቀን፣ በእንግሊዝና ዌልስ በ42 ቀን ውስጥ ነው፤ በእንግሊዝና ዌልስ ከተመዘገበ በኋላ በ12 ወር ውስጥ የመጀመሪያውን ስም መለወጥ ይቻላል። በምትኖሩበት አገር ስንት ቀን እንዳላችሁ ከመዝገብ ቢሮው ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ በፍርድ ቤት በኩል መሄድ ሊጠይቅ ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ላይ አትሳሳቱ። መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱን አስለውጡ፤ ከዚያ የክትባቱንና የሕክምናውን ካርድ፤ ፓስፖርት ካለው እሱን። የድሮውን ምስክር ወረቀት ቅጂ አትጣሉ፤ አንድ ቀን አንዱ ቢሮ የድሮውና አዲሱ ስም የአንድ ልጅ መሆናቸውን አረጋግጡ ይላችኋል። አያትየው ግን በመጀመሪያው ስም መጥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ለእሳቸው የሚሞላ ቅጽ የለም።